የኢሜይል ሰርቨር ለባዕድ መልእክት መተላለፊያ እንዳይሆን

አንድ የኩታበር የእህል ነጋዴ ወደ ደሴ ጭነት የሚልክበት አጋሰስ አለው እንበል። ነጂው በመንገድ ያገኘው ሁሉ የሚሰጠውን ከረጢት ሳይጠይቅ እየጫነ የሚያደርስ ቢሆን፣ አንድ ቀን የተከለከለ ዕቃ በተገኘ ጊዜ የሚጠየቀው ባለ አጋሰሱ ነው። ከዚያም በኋላ ኬላው የነጋዴውን ደኅና ጭነት ጭምር መመለሱ አይቀርም።

ኢሜይል የሚቀበለውና የሚያደርሰው ሰርቨርም ነገሩ እንደዚሁ ነው። የኢሜይል ማስተላለፊያ ደንብ የሆነው ኤስኤምቲፒ በ1974 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1982) በወጣ ጊዜ የመረቡ ተጠቃሚዎች ጥቂቶች ስለ ነበሩ፣ አንዱ ሰርቨር የሌላውን ደብዳቤ ተቀብሎ ማሳለፉ እንደ መልካም ጉርብትና ይቈጠር ነበር። ኋላ ግን ያልተፈለገ ማስታወቂያ በገፍ የሚበትኑ ሰዎች ይህን በጎነት መጠቀሚያ ስላደረጉት፣ በ1991 ዓ.ም. (1999) የወጣው የመረቡ ባለሙያዎች ምክር በሩ እንዲዘጋ አሳሰበ።

በሩን ሳይዘጋ የሚቀር ድርጅት ጉዳቱ ከባድ ነው። የሰርቨሩ አድራሻ እንደ ስፓምሃውስ ባሉ ድርጅቶች ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ላኪው ለውጭ አገር ገዢ የጻፈው የዋጋ ማቅረቢያ፣ አስመጪውም ለአቅራቢው የላከው ትእዛዝ ሳይደርስ ይመለሳል።

መፍትሔው በአንድ ሕግ ይጠቃለላል። ሰርቨሩ ከማንም የመጣውን ደብዳቤ ለድርጅቱ ሰዎች ይቀበላል፤ የድርጅቱ ሰዎች የጻፉትንም ወደ ማንም ያደርሳል፤ ከባዕድ ወደ ባዕድ የሚሄደውን ግን አያሳልፍም።

የድርጅቱ ሰው ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በደብዳቤው ላይ በተጻፈው የላኪ ስም አይደለም፤ ያን ስም ማንም ሰው አስመስሎ ሊጽፈው ይችላልና። ስለዚህ ላኪው በመጠቀሚያ ስምና በምስጢር ቃል ማንነቱን ማረጋገጥ አለበት። ለዚህም ሠራተኞች በሚስጥር በተመሰጠረ ግንኙነት የሚልኩበት ፖርት 587 ሲመደብ፣ ፖርት 25 ከሌሎች ሰርቨሮች ለሚመጣው ደብዳቤ መቀበያ ይሆናል። ያለ ምስጢር ቃል እንዲያሳልፉ የሚፈቀድላቸው የኮምፒዩተር አድራሻዎች ቢኖሩ እጅግ ጥቂትና በስም የታወቁ ይሁኑ።

በሩ ተዘግቶም ቢሆን ቁልፉ ከተሰረቀ ዋጋ የለውም። ቀላል የምስጢር ቃል ያገኘ አጥፊ በሠራተኛው ስም ሺህ ደብዳቤዎችን በአንድ ሌሊት ሊልክ ይችላል። ስለሆነም ረዥም የምስጢር ቃል መያዝ፣ ከሥራ የወጣውን ሰው ፈቃድ ወዲያው መሰረዝ፣ አንድ ሰው በሰዓት የሚልከውን መጠን መወሰንና የሰርቨሩን መዝገብ በየጊዜው መመርመር ተገቢ ነው። ከድርጅቱ ውጭ ካለ ኮምፒዩተር ለባዕድ አድራሻ መልእክት እንዲያሳልፍ ሰርቨሩን መፈተንም ይገባል፤ እንቢ ካለ በሩ ተዘግቷል።

የራሱ ሰርቨር የሌለው ባለ ሱቅም አገልግሎቱን የሚሰጠውን ድርጅት ይህንኑ ይጠይቅ፤ ከሌላ ሰው ጋር በአንድ አድራሻ ሲጠቀም የጎረቤቱ ጥፋት ለእርሱም ይተርፋልና።

በኢትዮጵያም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ማስታወቂያ በኢሜይል መበተንን በወንጀል ያስቀጣል። ሰርቨሩን ክፍት የተወ ነጋዴ ደብዳቤውን እርሱ ባይጽፈውም፣ የመልእክቱ ፈለግ ሲታይ በመጀመሪያ የሚያደርሰው ከእርሱ ደጃፍ ነው። የነጋዴ ሀብቱ ስሙ ስለሆነ፣ ይህን በር መዝጋት መጋዘንን ከመቈለፍ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።