አንድ ሲጨመር እጥፍ

ፉሪ ውስጥ ከጀበና የሚቀዳ አንድ ሲኒ ቡና 60 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ በውስጡ ያለው የውሃ ሞለኪውል ብዛት 2 ተጽፎ 24 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ነው። ብዛቱን መጻፍ ከባድ አይደለም። ከባዱ፣ ቅንጣቶቹ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚያደርጉትን በኳንተም ሕግ ማስላት ነው።

ስሌቱ ከትንሽ ይጀምራል። ስፒኑ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሆን አንድ ኤሌክትሮን በ2 ቁጥሮች ይገለጻል። ሁለት ኤሌክትሮኖች 4፣ ሦስት 8፣ ዐሥር ደግሞ 1,024 ቁጥሮች ይፈልጋሉ። እርስ በርስ ስለሚተሳሰሩ እያንዳንዱን ለብቻ ጽፎ መደመር አይበቃም። ጀማሪ ተማሪ የሁለቱን ጥያቄ 4 በ4 በሆነ ማትሪክስ ወረቀት ላይ ይፈታል። ለዐሥሩ ማትሪክሱ 1,048,576 ቤት አለው።

እያንዳንዱ ቁጥር ኮምፕሌክስ ስለሆነ ኮምፒውተር ውስጥ 16 ባይት ይይዛል። 30 ቅንጣት 17 ጊጋ ባይት ይሞላል፤ ደህና ላፕቶፕ ይችለዋል። 40 ቅንጣት 17.6 ቴራ ባይት፣ 50 ቅንጣት 18,014 ቴራ ባይት ይፈልጋል። ውፍረቱ 1.2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 1 ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክ አንዱ በአንዱ ላይ ቢደረደር፣ የ50 ቅንጣት ቁልል 216 ሜትር ይቆማል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ 209 ሜትር ነው። 4 ቅንጣት ሲታከል ቁልሉ 3,459 ሜትር ይሆናል፤ ከባሕር ወለል ቢነሣ የፉሪ ተራራን ጫፍ ያልፋል። በ71 ቅንጣት 453,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ ጨረቃን ይሻገራል። በ80 ከምድር እስከ ፀሐይ ካለው ርቀት ይበልጣል። በ100 ቅንጣት ርዝመቱ ከ25 የብርሃን ዓመት በላይ ነው። ሲኒው ጋ ገና አልተደረሰም።

በዲስክ ብዛት የማይቻለው በሒሳብ ይሞከራል። አንደኛው መንገድ እያንዳንዱን ቅንጣት መከተል ትቶ አማካዩን መያዝ ነው። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ስታቲስቲካል ፊዚክስ በዚህ ይሠራል፤ ባለ 24 ዜሮው ብዛት ወደ ሙቀት፣ ግፊትና ይዘት ይወርዳል።

ሁለተኛው መንገድ ከቁልሉ ውስጥ የሚያስፈልገውን ብቻ መለየት ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሃንስ ቤተ እ.ኤ.አ. በ1931 በአንድ መስመር የተደረደሩ ስፒኖችን፣ ብዛታቸው የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ የሚፈታበትን ቀመር አገኘ። ስቲቨን ዋይት እ.ኤ.አ. በ1992 ለሌሎች መስመሮችም የሚያገለግል የኮምፒውተር ዘዴ አቀረበ። ማቲው ሄስቲንግስ እ.ኤ.አ. በ2007 ዘዴው ለምን እንደሚሠራ የሚያስረዳ ማረጋገጫ ሰጠ፦ በዝቅተኛው የኢነርጂ ደረጃና በተከታዩ መካከል ክፍተት ካለ፣ በመስመሩ ላይ ያሉ ቅንጣቶች ትስስር ከተወሰነ መጠን አያልፍም። ስለዚህ ዘዴው እያንዳንዱን ቅንጣት በትንንሽ ማትሪክሶች ሲገልጽ፣ ለእያንዳንዱ 100 በ100 የሆኑ ሁለት ማትሪክሶች ከበቁ፣ ለ100 ቅንጣት 2 ሚሊዮን ቁጥሮች ይበቃሉ። ይህ 32 ሜጋ ባይት ነው፤ አንድ ዲስክ እንኳ አይሞላም።

እነዚያው 100 ቅንጣቶች 10 በ10 ሆነው በካሬ ሲደረደሩ ግን፣ ወርዱ አንድ ረድፍ በሰፋ ቁጥር በዚህ ዘዴ የሚያስፈልገው ቁጥር እንደገና በብዜት ያድጋል። ለካሬው፣ ሄስቲንግስ ለመስመሩ የሰጠውን ያህል ሁሉን የሚያጠቃልል ማረጋገጫ እስካሁን አልተገኘም።