ፈቃድ ሰጪውና አከራዩ አንድ ሲሆን

ክረምት በመጣ ቁጥር ከአንባቢያን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ፡፡ አንዱ «የምኖረው በቀበሌ ቤት ነው፡፡ ጣሪያው ያፈሳል፡፡ ቆርቆሮ ልቀይር ብል ደንብ አስከባሪ መጥቶ አስቆመኝ፡፡ ይችላል ወይ?» ይላል፡፡ ሌላው ደግሞ «የጎረቤቴ ግንብ ወደ እኔ ግቢ አዘንብሏል፡፡ ለወረዳው ባመለክት የግል ጉዳያችሁ ነው ተባልኩ፡፡ እውነት ነው ወይ?» ሲል ይጠይቃል፡፡ አንደኛው ወረዳው ለምን ገባብኝ፣ ሁለተኛው ለምን አልገባልኝም እያሉ ነውና ጥያቄዎቹ የማይገናኙ ይመስላሉ፡፡ ሥራቸው ግን አንድ ነው፡፡ የከተማ አስተዳደር በሰው ቤት ላይ ያለው ሥልጣን ከየት ጀምሮ የት ድረስ ነው? ዛሬ ላብራራ የምሞክረው ይህንን ነው፡፡

ሦስቱ ሥልጣኖች

አንድ ከተማ በሕንፃዎች ላይ የሚኖረውን ሥልጣን በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል፡፡ የመጀመሪያው ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ያለው ነው፡፡ ፕላን ቀርቦለት ያጸድቃል ወይም ይመልሳል፡፡ ሁለተኛው በግንባታው ጊዜ የሚሠራበት የቁጥጥር ሥልጣን ነው፡፡ በጸደቀው ፕላን መሠረት እየተሠራ መሆኑን ያያል፤ ካልሆነ ያስቆማል፡፡ ሦስተኛው ሕንፃው ካለቀ በኋላ በዕድሜው ሁሉ አብሮት የሚኖር ነው፡፡ ያረጀው፣ የተሰነጠቀው፣ ለአላፊ አግዳሚው አደጋ የሆነው እንዲጠገን ማዘዝ፣ መጠገን የማይችል ከሆነም እንዲፈርስ ማድረግ ነው፡፡

በእኛ አገር ስለ ሁለቱ የመጀመሪያ ሥልጣኖች ብዙ ይነገራል፤ ብዙ ሠራተኛም ተመድቦላቸዋል፡፡ የተረሳው ሦስተኛው ነው፡፡ ከተሞቻችን ቤት እንዳይሠራ በመከልከል ጠንካራ፣ ቤት እንዲጠገን በማድረግ ግን ደካማ ናቸው፡፡ ለምን? በእኔ እምነት መልሱ ያለው በከተሞቻችን ታሪክ ውስጥ ነው፡፡ ወደዚያ ከማምራታችን በፊት ግን ሕጉን እንይ፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ሳይታሰብ በድንገት የደረሰ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፡፡ ጥፋት አልሠራሁም ማለት አያድነውም፡፡ ወረድ ብሎም የሌላ ሰው ሕንፃ ሥጋት የሆነበት ሰው ባለቤቱን አደጋውን አስወግድ ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል፡፡ እንግዲህ ግንብ ያዘነበለበት አንባቢዬ ግንቡ እስኪወድቅበት ድረስ መጠበቅ የለበትም ማለት ነው፡፡ ክስ መመሥረት ይችላል፡፡

ነገር ግን ክስ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፡፡ ግንቡ ደግሞ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አይጠብቅም፡፡ ከዚህም በላይ ግንቡ የሚወድቀው በከሳሹ ላይ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ከትምህርት ቤት በሚመለስ ሕፃን ላይም ይወድቃል፡፡ የከተማ አስተዳደር በግል ንብረት ላይ ሥልጣን እንዲኖረው የተፈለገው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ እሳት፣ መፍረስና የተደፈነ ቦይ አጥር አያግዳቸውም፡፡ ስለዚህ «የግል ጉዳያችሁ ነው» የሚለው የወረዳው መልስ ግማሽ እውነት ብቻ ነው፡፡

በ2001 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ወጣ፡፡ ቀደም ሲል በየማዘጋጃ ቤቱ የነበረውን የተበታተነ አሠራር በአንድ አገር አቀፍ ማዕቀፍ ውስጥ ለማስገባት የሞከረ አዋጅ ነበር፡፡ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ተፈጻሚ እንዲሆን ተደነገገ፡፡ እያንዳንዱ የከተማ አስተዳደር የሕንፃ ሹም እንዲሰይም፣ በሹሙ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ደግሞ ለይግባኝ ሰሚ ቦርድ እንዲያመለክት መንገድ አበጀ፡፡ ሕንፃዎችንም ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት ምድብ ከፈለ፡፡ ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ቤት በምድብ ሀ ሲወድቅ፣ የሕዝብ መገልገያዎች፣ ፋብሪካዎችና ቁመታቸው ከ12 ሜትር በላይ የሆኑ ሕንፃዎች በምድብ ሐ ውስጥ ተመደቡ፡፡ ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 243 ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ተከተለ፡፡

ከዚህ አዋጅ አንድ ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፡፡ ፈቃድ የሚያስፈልገውን «ግንባታ» ሲተረጉም አዲስ ሕንፃ መሥራትን፣ ያለውን ሕንፃ ማሻሻልንና የሕንፃውን አገልግሎት መለወጥን ነው ያነሳው፡፡ እንግዲህ በእኔ አነባበብ ማሻሻል ሌላ፣ መጠገን ሌላ ነው፡፡ ክፍል መጨመር፣ ምሰሶ መለወጥ፣ መኖሪያውን መጋዘን ማድረግ ፈቃድ ይሻል፡፡ የዛገ ቆርቆሮ በሌላ ቆርቆሮ መተካት፣ የረገፈ ምርጊት መልሶ መምረግ ግን ቤቱን በነበረበት ማቆየት እንጂ መለወጥ አይደለም፡፡ ሕጎች ይሻሻላሉ፤ ይተካሉም፡፡ የመጠገንና የማሻሻል ልዩነት ግን ከማንኛውም የሕንፃ ሕግ ሊጠፋ የማይገባው መሠረታዊ ነገር ነው፡፡

ሐምሌ 19 ቀን 1967

ታዲያ ሕጉ ይህ ከሆነ የቀበሌ ቤት ነዋሪው ቆርቆሮ እንዳይቀይር ለምን ይከለከላል? ምክንያቱም ከልካዩ የመጣው እንደ ሕንፃ ተቆጣጣሪ ብቻ ሳይሆን እንደ ባለቤትም ስለሆነ ነው፡፡

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፡፡ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት እጅ ገቡ፡፡ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፡፡ ኪራይም በአዋጅ ተቀነሰ፡፡ ለድሃው ተከራይ በጊዜው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህንን መካድ አይቻልም፡፡

ግን ሒሳቡን እናስላው፡፡ በወር 20 ብር የሚከራይ ቤት በዓመት 240 ብር ያስገባል፡፡ ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነካ ሲቆይ የቆርቆሮ፣ የሚስማርና የአናጺ ዋጋ ግን አልቆመም፡፡ ዛሬ በ240 ብር አንድ ቆርቆሮ አይገዛም፡፡ ስለዚህ ቀበሌው መጠገን አልቻለም፡፡ ተከራዩ ደግሞ በራሱ ገንዘብ ልጠግን ሲል የመንግሥት ቤት ነውና ፈቃድ አምጣ ይባላል፡፡ ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ያወጣውን ወጪ ነገ እንደማይጠይቅ ፈርሞ ነው፡፡ እንጨትና ጭቃ ደግሞ ትዕግሥት የለውም፡፡ አንድ ክረምት ውኃ የገባበት ማገር በሁለተኛው ይበሰብሳል፤ በሦስተኛው ግድግዳው ይሆዳል፡፡

በሰፈሬ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት የጣሪያ ጥገና ማመልከቻ አጻፉኝና ወደ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይዘን ሄድን፡፡ ቤቶች አስተዳደር ወደ ግንባታ ፈቃድ መራን፡፡ ግንባታ ፈቃድ የባለቤትነት ማስረጃ ጠየቀ፡፡ የባለቤቱ ማስረጃ ያለው ቤቶች አስተዳደር ዘንድ ነው፤ ክፍሉ ከዚያው ኮሪደር ማዶ ነው፡፡ አሮጊቷ «ልጄ፣ ባለቤቱም እነሱ ፈቃድ ሰጪውም እነሱ፤ ታዲያ እርስ በርስ መነጋገር እንዴት አቃታቸው?» አሉኝ፡፡ የሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን ያህል አጥርቶ የጠየቀኝ መምህር አላስታውስም፡፡

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ቋጠሮ፡፡ ሌላ አከራይ ቢሆን ኖሮ የከተማው አስተዳደር ቤትህን ጠግን ብሎ ሊያስጠነቅቀው፣ እምቢ ካለ ሊቀጣው ይችላል፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጉም አከራይ ያከራየውን ነገር በደህና ሁኔታ ጠብቆ እንዲያቆይ ያስገድዳል፡፡ የከተማው ትልቁ አከራይ ግን ራሱ ከተማው ነው፡፡ ራሱን አስጠንቅቆ፣ ራሱን ቀጥቶ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የለም፡፡ ሦስተኛው ሥልጣን የተኛው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ለአስተዳደሩም መናገር ያለበት አለ

ሚዛናዊ እንሁን፡፡ አስተዳደሩም ከመሬት ተነስቶ አይደለም ጥገናን የሚጠራጠረው፡፡ ጣሪያ ልቀይር ብሎ ፈቃድ ያወጣ ሰው ቅዳሜ ማታ ጀምሮ እሑድ ማታ ሁለት ክፍል ጨምሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ፡፡ አንዱ ክፍል ይከራያል፤ ሌላው ሱቅ ይሆናል፡፡ መተላለፊያው እየጠበበ ሄዶ እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት ቀዳዳ ይጠፋል፡፡ ጎረቤት ሁሉ ያንን እያየ ዝም ይላል፤ ነገ እሱም ይሠራልና፡፡

ይህ እውነት ነው፡፡ መድኃኒቱ ግን ጥገናን ከነጭራሹ ማገድ አይደለም፡፡ አጭበርባሪውንና አሮጊቷን በአንድ ገመድ ማሰር ሕግ ማስከበር አይባልም፡፡ ደግሞም ክልከላው አጭበርባሪውን አላስቆመውም፡፡ ያስቆመው ደንብ አክባሪዋን ነው፡፡

የሚያስከትለውም ነገር አለ፡፡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ፒያሳን ጨምሮ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል፡፡ የከተማው አስተዳደር ሰፈሮቹ ለመኖሪያ የማይመቹና ያረጁ እንደነበሩ፣ ለቀበሌ ቤት ተከራዮችም ምትክ ቤት እንደተሰጠ ገልጿል፡፡ ብዙዎቹ ቤቶች ማርጀታቸውን እኔም አልክድም፡፡ ግን ያስረጃቸው ማነው? ጥገና የነፈገው አከራይ እርጅናውን ለማፍረስ ምክንያት አድርጎ ሲያቀርብ፣ ሕግ አዋቂ ብቻ ሳይሆን ማንም ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት፡፡ ግድግዳውን በራሱ ጭቃ እየመረገ ቤቱን ሃምሳ ዓመት ያቆመው ተከራይ የቤቱ ባለቤት ስላልሆነ ስለ ቤቱ ካሣ የሚጠይቅበት በር አልተከፈተለትም፡፡

ዘመዶቻችን ያሉበትስ?

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፡፡ እዚያ የአካባቢው አስተዳደር የሚያስቸግረው ጠገንክ ብሎ ሳይሆን አልጠገንክም ብሎ ነው፡፡ የግቢህ ሣር ከተወሰነ ቁመት አለፈ፣ የበረንዳህ መደገፊያ ላላ፣ ቀለምህ ተላጠ የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ይለጠፋል፡፡ ቀነ ገደብ ይሰጣል፡፡ ካለፈ መቀጮ ይከተላል፡፡

ሥልጣኑ ሰፊ ቢሆንም ልጓም አለው፡፡ በሳን ፍራንሲስኮ ካማራ የተባለ ተከራይ የቤት ተቆጣጣሪዎች ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ቤቴ አይገቡም በማለቱ ተከሰሰ፡፡ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ1967 ተከራዩ ረታ፡፡ ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር አስታረቀ፡፡ ነዋሪው እሺ ካላለ ተቆጣጣሪው ትዕዛዝ ማውጣት አለበት አለ፡፡ ትዕዛዙን ለማግኘት ግን በዚያ ቤት ውስጥ ጥፋት መኖሩን ማስረዳት የለበትም፤ እንደ ሕንፃዎቹ ዕድሜና እንደ ሰፈሩ ሁኔታ ፍተሻ ማድረግ ምክንያታዊ መሆኑን ካሳየ ይበቃዋል አለ፡፡ ከተማው ሥራውን አላጣም፤ ነዋሪውም በሩን አላጣም፡፡ የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የመኖሪያ ቤትን ከመፈተሽ የመጠበቅ መብት ያውቃል፡፡

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለአንባቢዬ የምመክረው ቀላል ነው፡፡ አንደኛ፣ አቁም ወይም አፍርስ ከተባሉ ትዕዛዙን በጽሑፍ ይጠይቁ፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ፣ የሚመለከተው ሰውም አስቀድሞ እንዲሰማ፣ ውሳኔውም በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ ከፍቷል፡፡ በቃል የተነገረ ትዕዛዝ ይግባኝ ለማለት አያመችም፡፡ ሁለተኛ፣ ማመልከቻ ሲያስገቡ «ጥገና» ብለው ይጻፉ፤ የቤቱን ስፋት፣ ቁመትና አገልግሎት እንደማይለውጡ ይግለጹ፤ ከመጀመርዎ በፊትም ቤቱን ፎቶግራፍ ያንሱ፡፡ ሦስተኛ፣ አደገኛ ሕንፃ ካለ ለባለቤቱም ለአስተዳደሩም በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ቅጂውም ላይ ማኅተም ያስደርጉ፡፡ ጉዳት ቢደርስ አላወቅንም እንዳይባል ያደርጋል፡፡

ለአስተዳደሩ ደግሞ የምለው ሁለት ነው፡፡ የመንግሥት ቤት የሚያስተዳድረው ክፍልና ሕንፃ የሚቆጣጠረው ክፍል ይለያዩ፤ ተቆጣጣሪው ለከተማውም ቤት እንደ ማንኛውም አከራይ ቤት ማስጠንቀቂያ ይስጥ፡፡ ይህ ካልሆነ፣ ቢያንስ ቤቱን በነበረበት ለማቆየት የሚደረግ ጥገና ፈቃድ መጠየቁ ቀርቶ በማሳወቅ ብቻ ይፈጸም፤ ወጪውም ይመዝገብ፡፡ አከራዩ ራሱ አልጠግንም ካለ፣ የሚጠግነውን እጅ መያዝ የለበትም፡፡

ክረምቱን በደህና ያውጣን፡፡ ቸር እንሰንብት፡፡