ከቤት የተነሣ ድል፤ ስለ ሐርያና የሽጉጥ ተኳሾች

የጦር መሣሪያ ከጥንት ጀምሮ የወንድ ልጅ ጌጥና የቤት ክብር ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። በአገራችንም አልሞ የሚመታ ሰው በአደባባይ ይመሰገናል፤ ስሙም በፉከራና በቀረርቶ ይነሣል። ነገር ግን ጠላትን ሊጥሉበት ሳይሆን ራስን ሊገዙበት የሚያዝ መሣሪያም አለ፤ ይኸውም የውድድር ሽጉጥ ነው። በዚህ ሽጉጥ የሚተኰሰው በዒላማ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው፤ ድሉም የሚገኘው በቍጣ ሳይሆን በጸጥታ፤ በጥድፊያ ሳይሆን በትዕግሥት ነው።

ዛሬ በዚህ በቤተሰብ ገጻችን በህንድ አገር የምትገኘውን የሐርያናን ጠቅላይ ግዛት የሽጉጥ ተኳሾች ነገር ልንጽፍ አስበናል። ከአንባቢዎቻችን አንዳንዱ «የተኵስ ነገር ከቤተሰብ ጉዳይ ጋራ ምን ያገናኘዋል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ለሚያነብ ሰው ግን መልሱ ግልጽ ነው፤ እነዚህ ተኳሾች በአደባባይ ከመታየታቸው አስቀድሞ በየቤታቸው አባትና እናት፤ አያትም ጭምር የወሰኑት ነገር ነበረና። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ህንድ በ28 ጠቅላይ ግዛቶች የተከፈለች አገር ናት። የአገሪቱ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር የተመሠረተው በ1951 ዓመት ሲሆን፤ መሥራቹ የህንድ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያው አፈ ጉባኤ የነበሩት ማቫላንካር ናቸው። እስከ ዛሬም ወደ ብሔራዊው ውድድር ለመግባት ከሚታለፍባቸው ማጣሪያዎች አንዱ በእርሳቸው ስም ይጠራል። በብሔራዊው ውድድር እያንዳንዱ ጠቅላይ ግዛት የራሱን ቡድን ይልካል። ከእነርሱም ጋራ የጦር ሠራዊቱ፤ የባሕር ኀይሉ፤ የአየር ኀይሉና የምድር ባቡሩ ቡድኖች ይሰለፋሉ። እንግዲህ የአንድ መንደር ገበሬ ልጅ፤ መሣሪያ መያዝ የዕለት ሥራው ከሆነ ወታደር ጐን ቆሞ ይወዳደራል ማለት ነው።

ይህ ጨዋታ በዚያ አገር ቀድሞ የመሳፍንት ጨዋታ ነበረ። የቢካኔሩ ማሃራጃ ካርኒ ሲንግ በ5 የኦሊምፒክ ውድድሮች ላይ አገራቸውን ወክለው ተኵሰዋል፤ በ1962 ዓመትም በካይሮ ከተማ በተደረገው የዓለም ውድድር የብር ሜዳልያ አግኝተዋል። ልጃቸው ልዕልት ራጅያሽሪ ኩማሪም ከአባቷ ተምራ ተኳሽ ሆነች፤ በ1968 ዓመት መንግሥት ለታወቁ ስፖርተኞች የሚሰጠውን የአርጁና ሽልማት ተቀበለች። በዴልሂ ከተማ ለ1982 የእስያ ጨዋታዎች የተሠራው ታላቁ የተኵስ ሜዳም ዛሬ በማሃራጃው ስም ይጠራል። ከዚህ የምናስተውለው በቤተ መንግሥትም ቢሆን ነገሩ የተጀመረው አባት ለሴት ልጁ መሣሪያ አስይዞ ካስተማረበት ቀን መሆኑን ነው። በሐርያና የሆነው ደግሞ ይኸው ነገር ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ገበሬው ቤት መግባቱ ነው።

የውድድሩን ሥርዓት ላላዩት አንባቢዎቻችን በአጭሩ እንገልጻለን። ከሽጉጥ ውድድሮች ሁሉ ብዙ ሰው የሚሰለፍበት በታመቀ አየር የሚተኰሰው የ10 ሜትር ሽጉጥ ነው። ሽጉጡ ከ1 ኪሎ ተኩል መብለጥ የለበትም፤ ጥይቱም 4.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ትንሽ የእርሳስ ፍሬ ናት። ተኳሹ ቆሞ፤ ክንዱን በምንም ሳያስደግፍ፤ በአንድ እጁ ብቻ ይተኵሳል። 10 ነጥብ የሚያሰጠው የመካከለኛው ክብ ወርድ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ከሸሚዝ ቍልፍ እምብዛም አይበልጥም። በ75 ደቂቃ ውስጥ 60 ጊዜ ይተኰሳል፤ ከፍተኛውም ውጤት 600 ነጥብ ነው። ቀድሞ ሴቶች 40 ጊዜ ብቻ ይተኵሱ ነበር፤ ከ2018 ዓመት ጀምሮ ግን ከወንዶች እኩል 60 እንዲተኵሱ ተደርጓል።

ሰው ሁሉ ተኳሽ ዓይኑን በዒላማው ላይ የሚተክል ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጥሩ ተኳሽ ዓይኑን የሚያሳርፈው በሽጉጡ ጫፍ ባለችው ማነጣጠሪያ ላይ ነው፤ ዒላማው ከወዲያ ደብዘዝ ብሎ ይታየዋል። እጅ ፈጽሞ ሳይንቀሳቀስ ሊቆም አይችልምና ያን ጥቂት መወዛወዝ ታግሦ፤ ትንፋሹን ገታ አድርጎ፤ ቃታውን በዝግታ ይስባል። «አሁን ልምታ!» ብሎ የቸኰለ እንደ ሆነ ጣቱ ቃታውን ይነጥቀዋል፤ ጥይቱም ይስታል። ልቡ ያልረጋ መስሎ የተሰማው ተኳሽ ሽጉጡን ዝቅ አድርጎ ዐርፎ እንደ ገና ያነሣል። መተው የሚገባውን ተኵስ መተው በዚህ ጨዋታ ከዕውቀት ሁሉ የሚበልጥ ዕውቀት ነው።

የጠቅላይ ግዛት ቡድን ማለት ደግሞ 3 ሰዎች ማለት ነው። ሦስቱ ጐን ለጐን ላይቆሙ ይችላሉ፤ በተለያየ ተራም ሊተኵሱ ይችላሉ። እያንዳንዱ ብቻውን ቆሞ ብቻውን ይተነፍሳል፤ አንዱ ለሌላው ቃታ አይስብለትም። ነገር ግን በመጨረሻ የሦስቱ ነጥብ በአንድነት ይደመራል፤ ከፍተኛውም ድምር 1800 ነው። ከሦስቱ የዝቅተኛው ውጤት ተነሥቶ አይጣልም፤ አንዱ በስንፍና ያጐደላት አንዲት ነጥብ ከሁሉም ላይ ትጐድላለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው ተረት ለዚህ ቡድን የተነገረ ይመስላል። የሜዳልያ ክብር ለሦስቱ ጌጥ የሚሆነው እያንዳንዱ የራሱን ሎሚ ሳይጥል የተሸከመ እንደ ሆነ ነው። የአንድ ቤት ኑሮም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አባት በቢሮው፤ እናት በቤቷ ወይም በሥራዋ፤ ልጅ በትምህርት ቤቱ ለየብቻ ይደክማሉ፤ ድምሩ ግን የአንድ ቤት ስም ነው።

አሁን ወደ ሐርያና እንመለስ። ይህች ጠቅላይ ግዛት ከፑንጃብ ተለይታ ራስዋን የቻለችው በኅዳር 1 ቀን 1966 ዓመት ነው። ሕዝቧ በእርሻ፤ በትግል ጨዋታና በውትድርና የታወቀ ነው። ከዚህ ሁሉ መልካም ስም ጋራ ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር ነበረባት። በ2011 ዓመት በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከ1000 ወንዶች አንጻር የተገኙት ሴቶች 879 ብቻ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከ7 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል ደግሞ ከ1000 ወንዶች አንጻር 834 ሴቶች ብቻ ተቈጠሩ። ወንድ ልጅን አብልጦ መፈለግ ሴቶቹን ገና ሳይወለዱ እንዳጠፋቸው ይህ ቍጥር ይመሰክራል። የህንድ መንግሥትም «ሴት ልጅን አድኑ፤ ሴት ልጅን አስተምሩ» የሚለውን ዘመቻ በጥር ወር 2015 ዓመት የጀመረው በዚችው በሐርያና በፓኒፓት ከተማ ነው።

በዚህች አገር በጃጃር አውራጃ ጎሪያ በምትባል መንደር ወይዘሪት ማኑ ባኬር በ2002 ዓመት ተወለደች። አባቷ የመርከብ መሐንዲስ፤ እናቷም የትምህርት ቤት ሰው ናቸው። በልጅነቷ ቦክስና ቴኒስ ሌላም ጨዋታ ሞክራለች፤ 14 ዓመት ሲሆናት ግን ልቧ ወደ ሽጉጥ አዘነበለ፤ አባቷም የውድድር ሽጉጥ ገዛላት። ነገር ግን ዕድሜዋ ገና ስለ ነበረ ፈቃድ የሚያስፈልገውን ሽጉጥ ይዛ በሕዝብ መጓጓዣ ብቻዋን ልትሄድ አትችልም። ስለዚህ አባቷ ሥራውን ትቶ ከውድድር ወደ ውድድር አብሯት ይዞር እንደ ነበረ በጋዜጦች ተጽፏል። ሽጉጥ በገንዘብ ይገዛል፤ የአባት ጊዜ ግን የሚገዛበት ገበያ የለም።

በ2017 ዓመት በኬራላ ጠቅላይ ግዛት በተደረገው ብሔራዊ ውድድር ይህች ልጅ ለሐርያና ተሰልፋ 9 የወርቅ ሜዳልያ አገኘች፤ ቀድሞ በዓለም አንደኛ ተብላ የነበረችውንም ሒና ሲዱን አሸነፈች። በሚቀጥለው ዓመት፤ ገና በ16 ዓመቷ፤ በአውስትራሊያ በተደረገው የኮመንዌልዝ ጨዋታ ወርቅ ወሰደች።

መከራ ግን አልቀረላትም። በ2021 ዓመት በቶክዮ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ላይ በተኵሱ መካከል ሽጉጧ ተሰበረባት። እርሱን እስክታሠራ ድረስ ብዙ ደቂቃ አለፈ፤ ተመልሳም ቀሪውን በጥድፊያ መተኰስ ግድ ሆነባት። 575 ነጥብ አግኝታ 12ኛ ሆነች፤ ወደ መጨረሻው ተራ ለመግባት የጐደሏት 2 ነጥቦች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ውድድር አስቀድሞም ከአሠልጣኟ ከጃስፓል ራና ጋራ ተለያይታ ነበር። በወጣትነት ዕድሜ ይህን የመሰለ ነገር የደረሰበት ሰው ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ሽጉጡን ጥሎ መሄድ ነው፤ ሁለተኛው ዝቅ አድርጎ ዐርፎ እንደ ገና ማንሣት ነው። እርሷ ሁለተኛውን መረጠች፤ በ2023 ዓመትም ከአሠልጣኟ ጋራ ታርቃ ልምምዷን ቀጠለች።

በ2024 ዓመት በፓሪስ ከተማ በሐምሌ ወር መጨረሻ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የነሐስ ሜዳልያ አገኘች። የመጀመሪያው የብቻዋ ነበረ፤ በእርሱም በኦሊምፒክ ተኵስ ሜዳልያ ያገኘች የመጀመሪያዪቱ ህንዳዊት ሆነች። ሁለተኛውን ያገኘችው ወንድና ሴት አብረው በሚሰለፉበት ተራ ከሳራብጆት ሲንግ ጋራ ሆና የኮሪያን ቡድን 16 ለ10 በማሸነፍ ነው። ሳራብጆትም የሐርያና የገበሬ ልጅ ነው። በአንድ ጠቅላይ ግዛት ያደጉ ሁለት ወጣቶች፤ ወንድና ሴት፤ ነጥባቸውን ደምረው የአገራቸውን ሰንደቅ ዓላማ አሰቀሉ። ከ1000 ወንዶች 879 ሴቶች ብቻ የተቈጠሩባት ምድር በዚያች ቀን የተመሰገነችው በአንድ ወንድ ልጅና በአንዲት ሴት ልጅ እኩል ድካም ነው።

ከሐርያና ወዲያ የያሙናን ወንዝ የተሻገረ ሰው የኡታር ፕራዴሽን ጠቅላይ ግዛት ያገኛል። በዚያ በባግፓት አውራጃ ጆህሪ በምትባል መንደር በ1999 ዓመት ወይዘሮ ቻንድሮ ቶማር፤ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት ያለፈ አያት፤ የልጅ ልጃቸውን ወደ መንደሩ የተኵስ ማሠልጠኛ ይዘው ሄዱ። ልጅቱ ብቻዋን መሄድ ፈርታ ነበርና ሊያደፋፍሯት ሽጉጡን አነሥተው ተኰሱ፤ ዒላማውንም መቱ፤ አሠልጣኙም ተደነቀ። ከዚያ ወዲህ የባላቸውን ወንድም ሚስት ወይዘሮ ፕራካሺን አስከትለው መማር ጀመሩ። በዚያ መንደር ሴት ፊቷን በሻሽ ተሸፍና የምትኖር ስለ ሆነ ነገሩን ከባሎቻቸው ይሸሽጉት ነበር፤ ወይዘሮ ቻንድሮም ሌሊት ቤተሰቡ ሲተኛ ውሃ የሞላበት ማሰሮ በእጃቸው አንሥተው ይዘው ክንዳቸውን ያጠነክሩ እንደ ነበረ ተናግረዋል። ሁለቱ አያቶች በአረጋውያን ተራ በብዙ ውድድር አሸነፉ፤ በ2019 ዓመትም ታሪካቸው በሲኒማ ተሠራ። የወይዘሮ ፕራካሺ ልጅ ሲማ ቶማር በ2010 ዓመት በእንግሊዝ አገር በተደረገው የዓለም ዋንጫ የብር ሜዳልያ አገኘች። ከመንደሩ ልጆችም ብዙዎቹ በተኵስ ችሎታቸው በሠራዊትና በፖሊስ ሥራ አግኝተዋል። ወይዘሮ ቻንድሮ በሚያዝያ 30 ቀን 2021 ዓመት በ89 ዓመታቸው ዐረፉ።

መሣሪያ በቤታቸው ላለ አንባቢዎቻችን አንድ ምክር ሳንጨምር አናልፍም። በእነዚህ የውድድር ሜዳዎች የሽጉጥ አፈሙዝ ከዒላማው ሌላ ወደ ማንም አይመለስም፤ ተኵስ ባልታዘዘበትም ጊዜ ሁሉ ባዶ መሆኑ በሩቅ እንዲታይ ደማቅ ቀለም ያለው ምልክት በውስጡ ይገባል። የውድድር ተኳሽ በመጀመሪያ የሚማረው መምታትን ሳይሆን ይህንን ነው። ወታደርና ሻምፒዮን የሚጠብቁት ሥርዓት ሕፃናት በሚሮጡበት ቤት ይልቁን ሊጠበቅ ይገባል፤ ጥይቱ ወጥቶ ለብቻው፤ መሣሪያውም በቍልፍ ተዘግቶ ለብቻው ይቀመጥ።

አንድ ሜዳልያ የአንድን አገር ልማድ በአንድ ቀን አይለውጥም፤ ይህንንም አናስመስልም። ነገር ግን የሐርያናው አባት ሥራውን ሲተው፤ የጆህሪዋም አያት በሌሊት ማሰሮ ሲያነሡ ማንም አላየም፤ ማንም አላጨበጨበም። የቡድን ነጥብ መደመር የሚጀምረው በተኵስ ሜዳ ሳይሆን በዚያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ሴት ልጁ ወይም ወንድ ልጁ ወደ አንድ መልካም ሙያ ያዘነበለበት ወላጅ «ይህ ለእኛ ቤት አይሆንም» ብሎ ከመመለሱ በፊት ጥቂት ይታገሥ፤ ልጁን በጸጥታ ይመልከት። ያለ ጊዜው ተጣድፎ የተሳበ ቃታ ዒላማን እንደሚያስት፤ ያለ ጊዜው ተጣድፎ የተነገረ እንቢታም ልጅን ከዕድሉ ያስታል።