ሰሚ ኮሚቴስ አለን፤ ፈጻሚው ማን ነው?

የአሌክሳንድሪያው ሰው ከኪንግ ስትሪት በሰማያዊው መስመር ተሳፍሮ ካፒቶል ሳውዝ ይወርዳል። የሲልቨር ስፕሪንጉ ደግሞ በቀዩ መስመር ዩኒየን ስቴሽን ድረስ መጥቶ የቀረውን በእግሩ ያዘግማል። የሚገናኙት ሬይበርን በተባለው የኮንግረስ ሕንፃ፣ ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ምስክርነት በሚሰማበት አዳራሽ በር ላይ ነው። አንዱ የሌሊት ተራውን ጨርሶ ሳይተኛ የመጣ ነው፤ ሌላው የቀን ገቢውን ትቶ ታክሲውን ያቆመ። በእጃቸው ፎቶግራፍ ይዘዋል፤ የወንድም፣ የልጅ፣ የጎረቤት።

እኔም ከእነዚህ ወገኖች ጋር ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን ስንወጣ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ እንግሊዝኛው ብዙም አልገባኝ፤ ግን በደንብ ሰሙን አይደል? እንግዲህ ምን ያደርጉልናል?» አሉኝ።

«እማማ፣ መዝግበውታል» አልኳቸው።

«መመዝገቡንማ እኔም በልቤ መዝግቤዋለሁ» አሉኝና ወደ ባቡሩ ደረጃ ወረዱ።

ውድ አንባቢያን፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና የእኚህን እናት ጥያቄ ሳንሸሽ እንመልከተው። የምክር ቤት ኮሚቴ የሰውን መብት ለማስከበር ምን ያህል ይችላል? አቅሙስ የት ላይ ያበቃል?

በመጀመሪያ ከደጃችን እንነሣ። የአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ ምስክር ይጠራል፣ ባለሥልጣን ይጠይቃል፣ የሕግ ረቂቅ መርምሮ ያሳልፋል። ረቂቁ ሕግ የሚሆነው ግን በተወካዮች ምክር ቤትም በሴኔትም ጸድቆ ፕሬዚዳንቱ ሲፈርሙበት ነው። ከእነዚህ በሮች አንዱ ከተዘጋ የኮሚቴው ድካም መዝገብ ቤት ይቀራል። ይህን ደግሞ እኛ በራሳችን ላይ አይተነዋል። የኒው ጀርሲው ክሪስ ስሚዝ ያቀረቡት ኤች አር 5680 በጁን 2006 በኮሚቴው ቢያልፍም ለመላው ምክር ቤት ድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት የአፍሪካ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ዶናልድ ፔይን ኤች አር 2003ን ይዘው ቀረቡ። ኦክቶበር 2 ቀን 2007 የተወካዮች ምክር ቤት ሲያጸድቀው ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ስልኩ ሲደዋወል ዋለ። ሴኔቱ ግን ድምፅ ሳይሰጥበት ዘመኑ አለቀና ረቂቁ ሞተ። ሚስተር ፔይን በ2012 ሲያርፉም ሕግ ሆኖ አላዩትም።

ኤፕሪል 10 ቀን 2018 የጸደቀውና ብዙዎቻችን የተደሰትንበት ኤች ሬስ 128ም የምክር ቤቱን አቋም የሚገልጽ ውሳኔ እንጂ ማንንም የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። በቶም ላንቶስ ስም የሚጠራው የኮንግረስ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽንም ምስክር ይሰማል እንጂ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የለውም። በላዩ ላይ የመንግሥታት ጥቅም አለ፤ በ2007 የኢትዮጵያ ጦር ሶማሊያ ውስጥ ነበር፣ ዋሽንግተንም አዲስ አበባን የፀረ ሽብር ወዳጅ አድርጋ ትቆጥር ነበር።

የባዕዱ ኮሚቴ እንዲህ ከሆነ የራሳችንስ? እዚህ ላይ በ1997ቱ ምርጫ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ጋዜጠኛ የነበረ ሰው ሊረሳው የማይችለው ታሪክ አለ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት ማብቂያ 1998 የመንግሥት ኃይሎች በሰላማዊ ሰዎች ላይ ተኮሱ። ጩኸቱ ሲበረታ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 478/1998 አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ኮሚሽኑን ንቀነው ነበር። ምክር ቤቱን የያዘው ኢሕአዴግ ነው፤ ውሻ በበላበት ይጮሃል ብለን ደመደምን።

ተሳስተን ነበር። ኮሚሽነሮቹ ሥራቸውን ሠሩ፤ የሟች ቤተሰብ አነጋገሩ፣ ማስረጃ ሰበሰቡ። 193 ሲቪሎች መገደላቸውን፣ 763 መቁሰላቸውን፣ 6 ፖሊሶችም መሞታቸውን መዘገቡ። ከዚያም ድምፅ ሰጡ። ከ10 አባላት 8ቱ፣ የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነበር አሉ።

ኮሚሽኑ የከሸፈው እውነቱን ካገኘ በኋላ ነው። ሪፖርቱ ምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት ውሳኔው እንዲቀየር ግፊት መጣ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ ከአገር ወጡ፤ ያገኙትንም ለዓለም ይፋ አደረጉ። በኖቬምበር 2006 ዳኛ ፍሬሕይወት እዚሁ ዋሽንግተን መጥተው ለኮንግረስ ሰዎች አስረዱ። በጥቅምት 1999 ለኢትዮጵያ ምክር ቤት የቀረበው ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር እንዳለ ይዞ፣ እርምጃው ግን አስፈላጊና ሕጋዊ ነበር አለ። አስከሬኑ ያው፣ ፍርዱ ሌላ!

ልብ በሉ፤ ኮሚሽኑ እውነትን ለመፈለግ ሥልጣን ነበረው። ያገኘውን ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ የማሳተም፣ ክስ የመመሥረት፣ አባላቱን ከጉዳት የመጠበቅ ሥልጣን ግን አልነበረውም።

«ያ የኢሕአዴግ ጊዜ ነው» የሚል ይኖራል። ኢሕአዴግ በ2012 ፈርሷል፤ ሕገ መንግሥቱና የምክር ቤቱ አሠራር ግን ቀጥለዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ነሐሴ 8 ምክር ቤቱ አጸደቀው፣ 7 አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም ሰየመ። አንቀጽ 93 ለዚህ ቦርድ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ፣ ኢሰብዓዊ ድርጊት ሲያይም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ሐሳብ እንዲያቀርብ ሥልጣን ይሰጠዋል። እስረኛ ፈትቶ የመልቀቅ ሥልጣን ግን አልሰጠውም። አቤቱታው የሚደርሰው አዋጁን ላወጣው ለዚያው አካል ነው።

በዚያው ሰሞን የታሰሩት ደግሞ ተራ ዜጎች ብቻ አልነበሩም። የመንግሥትን ወጪ የሚቆጣጠረው ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት አቶ ክርስቲያን ታደለም ታሰሩ። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል፤ የእሳቸው ያለመከሰስ መብት የተነሣው ግን ከታሰሩ ከወራት በኋላ በ2016 ነው። የራሱን ኮሚቴ ሰብሳቢ ያላስጣለ ምክር ቤት የገበሬውን ልጅ እንዴት ያስጥላል?

ታዲያ ኮሚቴ ከንቱ ነው እንበል? አይደለም። ዛሬ 193 የሚለውን ቁጥር ማንም ሊክደው የማይችለው ዳኞቹ ስለመዘገቡት ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚለውን የአባቶች ቃል በኑሯቸው ከፍለውበታል። ስህተቱ የእኛ ነው፤ መዝገብን ከፍትሕ፣ መሰማትን ከመዳን ጋር እናምታታለን።

ጎረቤታችን ኬንያ በዚህ ረገድ የምታስተምረን ነገር አለ። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ የደረሰውን እልቂት ያጣራው የዳኛ ዋኪ ኮሚሽን ፓርላማው ነገሩን እንደሚያዳፍነው አስቀድሞ ጠረጠረ። የተጠርጣሪዎቹን ስም በፖስታ አሽጎ ለኮፊ አናን ሰጠ። ፓርላማው ልዩ ፍርድ ቤት ማቋቋም ሲያቅተው ፖስታው በ2009 ሄግ ደረሰ። በከፍተኛ ባለሥልጣኖቹ ላይ የቀረቡት ክሶች በኋላ ቢፈርሱም፣ ቀጣዩን በር አስቀድሞ ማዘጋጀት እንደሚቻል አሳይቷል።

እኛም ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። ነገ አገር ቤት አጣሪ አካል ይቋቋም ሲባል የአባላቱን ስም ብቻ ሳይሆን ሪፖርቱን ራሱ የማሳተም ሥልጣን እንዳለው፣ ዐቃቤ ሕግም በተወሰነ ቀን መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት እንጠይቅ። እዚህ ደግሞ ሬይበርን አዳራሽ ሞልተን መመለስ አይበቃም። ዜግነት የወሰድን የሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች 2 የሜሪላንድ፣ የአሌክሳንድሪያ ሰዎች 2 የቨርጂኒያ ሴናተሮች አሉን። ኤች አር 2003 የሞተው በእነሱ ቤት ነው። ከምስክርነቱ ማግሥት ስልክ ያልደወለ ሰው ሥራውን ከግማሽ ላይ ጥሎታል።

እኚያን እናት ዳግም ባገኛቸው የምሰጣቸው መልስ ይኸው ነው፦ እማማ፣ ኮሚቴው የሚችለውን አድርጓል። የቀረው የእኛ ነው፤ የሴናተርዎን ስልክ አብረን እንደውል።