ያልቆጠረ እረኛ የጠፋውን አያውቅም

የትንሣኤ በዓል በደረሰ ቁጥር አብያተ ክርስቲያናት ከወትሮው ይልቅ በሕዝብ ይሞላሉ። ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ስንቱ ነው? በባሕር ማዶ ይህን ጥያቄ አንሥተው ምላሹን በመሻት ከኖሩት ሊቃውንት አንዱ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ጋብርኤል ለብራ ነበሩ።

ለብራ እ.ኤ.አ. በ1891 በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ተወልደው በ1970 ያረፉ፣ በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የቀኖና ሕግ ታሪክን ያስተማሩ ካቶሊካዊ ምሁር ናቸው። ሀገራቸው “የቤተ ክርስቲያን የበኩር ልጅ” እየተባለች ስትጠራ ብትኖርም፣ ከሕዝቧ ስንቱ በሃይማኖቱ ሥርዓት እንደሚኖር በየአጥቢያው ቆጥሮ ያጠና እምብዛም አልነበረም። ስለዚህም ለብራ በ1931 በአንድ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ጥናቱ በቁጥር ተደግፎ ይካሄድ ዘንድ ጥሪ አቀረቡ።

መለኪያውም ቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1215 በተደረገው በአራተኛው የላተራን ጉባኤ፣ ምእመን ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ንስሐ እንዲገባና በፋሲካ እንዲቆርብ ደንግጋለች። በመሆኑም የፋሲካ ቆራቢዎች ቁጥር የአጥቢያው መስተዋት ሆነ። ለብራ ዘወትር ከሚያስቀድሱት ለይተው፣ ለጥምቀት፣ ለጋብቻና ለቀብር ብቻ የሚመጡትን ለብቻቸው መደቧቸው። እነዚህ እምነትን የካዱ ሳይሆኑ ልማዱን ይዘው ከሥርዓቱ የራቁ ናቸው።

ካህኑ ፈርናን ቡላር ይህንኑ ጥናት ገፍተውበት በ1947 የገጠር ፈረንሳይን የሃይማኖት ካርታ አሳተሙ። ካርታው አብዛኛው ሕዝብ የሚያስቀድስበትን፣ ጥቂቱ ብቻ የሚያስቀድስበትንና ከሕፃናቱ ቢያንስ አንድ አምስተኛው ሳይጠመቁ ወይም ትምህርተ ሃይማኖት ሳይማሩ የሚያድጉበትን አካባቢ ለይቶ አሳየ። በብሪታኒ ሕዝቡ ጸንቶ ሲገኝ፣ በመካከለኛው ፈረንሳይ በምትገኘው በክሮዝ ግን የሚያስቀድሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ክሮዝ ደግሞ የገበሬ ሀገር ናት፤ ስለዚህ ሃይማኖትን የሚያዳክሙት ከተማና ፋብሪካ ብቻ ናቸው ማለት አልተቻለም። ምክንያቱ ከዚያ ይርቃል። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ በ1791፣ ካህናቱ ቤተ ክርስቲያንን ከመንግሥት ሥር ላዋለው ሕግ እንዲምሉ በተጠየቁ ጊዜ፣ አብዛኞቹ እምቢ ያሉባቸው አውራጃዎች ከ150 ዓመት በኋላም በአመዛኙ የጸኑት ሆነው ተገኝተዋል። የአንድ ትውልድ ውሳኔ ለልጅ ልጅ ተርፏል ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ቁጥር ልብን አይመረምርም፤ የቆረበውን ሁሉ ጻድቅ፣ የቀረውን ሁሉ ከሓዲ አያሰኝም። ይሁን እንጂ መቶ በጎች የነበሩት እረኛ አንዲቱ መጥፋቷን ያወቀው ስለ ቆጠረ ነው። እርሱ ትቶ የሄደው ዘጠና ዘጠኙን ነበር፤ የፈረንሳይ ካህናት ግን በአንዳንድ አጥቢያ ቆጥረው ያገኙት በበረቱ የቀሩትን ጥቂቶች ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዓሉን በእልልታ ከምናከብረው መካከል ከበዓሉ ማግስት በቅዳሴ የምንገኘው ስንቶቻችን እንሆን? ቆጠራው ከየቤታችን ይጀምራል።

መልካም የትንሣኤ በዓል!