ከእንግዴ ልጅ የሚነሣ ሕመም

ሉማሜን በመሰሉ የጎጃም ደጋ ከተሞች ነፍሰ ጡር ከአምስተኛው ወር በኋላ ፊቷ ሲያብጥ፣ ራሷን ሲያማት፣ ዓይኗ ብዥ ሲልባት «ምች ነው» እንላለን። ስትንቀጠቀጥ ደግሞ «ጂን ነው»። የሕመሙ ምንጭ ግን ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ቀብረነው የምንረሳው እንግዴ ልጅ ነው።

በአላህ ጥበብ የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት ገና ከጅምሩ ወደ ማሕፀን ግድግዳ ዘልቀው የእናቲቱን የደም ሥሮች ያሰፋሉ፤ ለፅንሱ የደም መንገድ ጠራጊዎቹ እነርሱ ናቸው። በደንብ ሳይዘልቁ ሲቀሩ ሥሮቹ ጠባብ ይሆናሉ። ደም ያነሰው እንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች ግፊቷን ከፍ ያደርጋሉ፤ ኩላሊቷን ይጎዳሉ፤ ሲብስም ያንቀጠቅጧታል። ይህን በሕያው ማሕፀን ውስጥ ማየት ስለማይቻል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሕዋሳቱን ከማሕፀን ውጭ አሳድገው ማጥናት ጀምረዋል።

እስከዚያው ግፊትን መለካት ከባድ አይደለም። ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለው መድኃኒትም አለ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ የታተመ፣ ከ10,000 በላይ እናቶች የተካፈሉበት ጥናት መንቀጥቀጡን በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ቁርኣኑንና ዱዓውን ተዉ አንልም። ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስዳት መኪና ውስጥም ይቀራል።