የዲማውን ቤት መድረክ ላይ ማቆም

ከሮብ ገበያ ወጥቶ ቴአትር ለመማር ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት ባዶ እጁን አይሄድም። በምሥራቅ ጎጃም ቢቸናና ሞጣ አካባቢ ያደገ ልጅ በገበያ ቀን አዝማሪ በማሲንቆው ሰው ሲሰበስብ አይቷል፤ ለቅሶ ቤት አልቃሽ የሟችን ውለታ እየቆጠረች ሙሾ ስታወርድ ሰምቷል፤ ሠርግ ላይ ፎካሪ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲንጎራደድ ተመልክቷል። ጥሩ ፎካሪ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል። ስንኙ ሊዘጋ አንድ ቃል ሲቀረው ቆም ይላል፣ ሰዉን በዓይኑ ይቃኛል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ይህችን የትንፋሽ አያያዝ ለማግኘት ወራት የሚለፉ የትወና ተማሪዎች አሉ።

ምሥራቅ ጎጃም ለቴአትራችን ሰው ያዋጣ አገር ነው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው፤ ትምህርታቸውም የቅኔ ቤት ትምህርት ነበር። አዲስ አበባ ገብተው ሲያስተምሩ ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቻቸውን ያለማምዱ ነበር። ዜማውን ከቤተ ክርስቲያን፣ ሰምና ወርቁን ከቅኔው አምጥተው መድረክ ላይ አዋሉት። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ስደታቸው መልስ የቀረበው «አፋጀሽኝ» ዛሬም ስሙ ይነሣል። ከሳቸው ቀደም ብሎ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ «ፋቡላ»ን ሲያሳዩም ሆነ ዮፍታሔ ሲጽፉ፣ ተዋናይ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አገሩ ውስጥ አልነበረም።

ቴአትር ቤቱ ከትምህርቱ ቀደመ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ተቋቋመ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ተከፈተ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት ፍራንዝ ዘልቬከር የተባሉ ኦስትሪያዊ ነበሩ። ሙያውን በወጉ መማር የፈለገ ባሕር መሻገር ነበረበት። ተስፋዬ ገሠሠ አሜሪካ፣ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር ገብቶ የመድረክ ሥራ አጠና፤ ደበበ እሸቱና ወጋየሁ ንጋቱ ሀንጋሪ ሄዱ። አገር ውስጥ በዲግሪ ደረጃ የሚያስተምር የቴአትር ጥበባት ክፍል የተከፈተው በ1970ዎቹ መግቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ሮበርት ማክላረን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካስተማሩት አንዱ ነበሩ። ገጣሚው ደበበ ሰይፉ ስለ ተውኔት አጻጻፍ በአማርኛ የጻፈው መጽሐፍም በዚያው ጊዜ ወጥቶ ብዙ ተማሪ ተምሮበታል።

በኋላም ይህ ክፍል የቴአትር ትምህርት ቤት ሆኖ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጋር በሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ስም በተሰየመው ኮሌጅ ሥር ገባ። ሦስቱ በአንድ ኮሌጅ መሰባሰባቸው እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ለመድረክ ንድፍ ሲባል ነው። ንድፍ አውጪ ሥዕል ካልቻለ፣ ዜማ ካልሰማ፣ ተውኔት ማንበብ ካላወቀ ሥራው አይሞላለትም።

ትወናው የሚጀምረው በአካልና በድምፅ ነው። ተማሪው ወለል ላይ ተንጋልሎ ከሆዱ መተንፈስ ይለማመዳል፣ ከዚያ ድምፁን ሳይጮህ ኋላ ወንበር ላይ ላለው ሰው ማድረስ ይማራል። ቀጥሎ ገጸ ባሕርይ ይመጣል፤ ይህ ሰው ከየት መጣ፣ ምን ፈልጎ ገባ፣ ማን ከለከለው? ይህን የጥያቄ መንገድ ያበጀው በ1898 እ.ኤ.አ. የሞስኮ ጥበብ ቴአትርን ከባልደረባው ጋር የመሠረተው ሩሲያዊው ስታኒስላቭስኪ ነው፤ በብዙ አገር የትወና መማሪያ ክፍል እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ቃለ ተውኔቱን በቃሉ የያዘ ተማሪ ተዋናይ ሆንኩ ብሎ ከተቀመጠ አዘጋጁ ያስነሣዋል። ድርጊቱ ሳይገኝ ቃሉ ብቻውን አይቆምም።

እኔ ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። የአማርኛ ቴአትር የቃል ቴአትር ነው። ተመልካቹ ጥሩ ስንኝ ሲሰማ ያጨበጭባል፣ ለግድግዳው ግን ዓይን የለውም። በዚህ የተነሣ በብዙ መድረክ ላይ ሶፋና ጠረጴዛ ተደርድሮ፣ ከኋላ መጋረጃ ተንጠልጥሎ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ንግግር ይሰማል። የመድረክ ንድፍ የሚያስተምረው ቦታው ራሱ እንዲናገር ማድረግን ነው።

በምሳሌ ልየው። ሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለዳቸውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ሲያሳትሙ ከታሪኩ ብዙውን ያኖሩት ዲማ ላይ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ የቢቸና ጎረቤት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገሩን ሁሉ በድምፁ ብቻ አሳይቶናል። አሁን አንዲት ተማሪ የልብ ወለዱን ባላባት የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ለመድረክ እንድትነድፍ ታዘዘች እንበል። መጀመሪያ ድርሰቱን አንብባ ማን በየት ይገባል፣ የት ይቀመጣል፣ ከማን ይደበቃል የሚለውን ትለቅማለች። ከዚያ ከላይ ወደ ታች የሚታይ የወለል ንድፍ ታወጣለች። ቀጥሎ በካርቶን የቤቱን ትንሽ አምሳያ፣ ማኬት፣ ትሠራለች፤ በ1፡25 ልኬት ከሆነ አራት ሜትር ግድግዳ 16 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከጎን የምታቆማት የካርቶን ሰው 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ናት።

ጭንቁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፊታውራሪ የት ይቀመጡ? ከፍ ካለ መደብ ላይ ከሆኑ የቀረው ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ያናግራቸዋል፤ ተዋናዩ ክብራቸውን በቃል ማስረዳት አይጠበቅበትም። መምህሩ በዛብህ ልጃቸውን ሰብለን ለማስተማር ሲገባ በሩ ዝቅ ያለ ከሆነ ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ያቺ ጎንበስ ማለት የድኻውን ልጅ ከነታሪኩ ታሳያለች። ምሰሶው መሐል ቆሞ የተመልካቹን ዓይን ከጋረደ ግን ውበቱ ዋጋ የለውም። ተማሪዋ ከመጨረሻው ረድፍ የግራና የቀኝ ጫፍ ወንበሮች እስከ መድረኩ ድረስ መስመር አስምራ ማን ምን እንደማያይ ታጣራለች። አልጋው፣ መሶቡ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጋሻ፣ ሁሉም ከአገሩና ከዘመኑ መሆን አለበት። የጎጃም ቤት ገብቶ የማያውቅ ንድፍ አውጪ ይህን ከፎቶግራፍ ይለቅማል፤ የእናርጅ እናውጋ ወይም የእነማይ ወረዳ ልጅ ግን ከአያቱ ቤት ያውቀዋል።

መብራት ሌላ ትምህርት ነው። ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የተተኮሰ መብራት ፊትን ጠፍጣፋ ያደርጋል፤ ከግራና ከቀኝ 45 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ሲወርድ አፍንጫና ጉንጭ ጥላ ያወጣሉ፣ ፊት ሕይወት ያገኛል። አንዱን ወገን ሞቅ ባለ፣ ሌላውን ቀዝቀዝ ባለ ቀለም ማብራትም የተለመደ ነው። የኩራዝ ብርሃን የሚያበራት ሰብለና ረፋድ ላይ ግቢ የቆመች ሰብለ በዚህ ይለያሉ።

የገበያው አዝማሪ ይህ ሁሉ አላስፈለገውም። ሰዉ ክብ ሠርቶ ከቦት በሁሉም ወገን ይታያል፤ ጀርባውን ለአንዱ ሲሰጥ ፊቱን ለሌላው ነው፣ ስለዚህ አንድ ቦታ አይቆምም። የቴአትር አዳራሾቻችን ግን በአንድ ወገን የተከፈቱ ሣጥኖች ናቸው። ተማሪዎች ሁለቱንም ዓይነት ቢሠሩ እመርጣለሁ። ክቡ መድረክ እኛ አገር የኖረ ነው፣ ወጪውም አነስተኛ ነው፤ ግድግዳ ሳይኖር ቦታን በቁሳቁስና በአልባሳት ብቻ መፍጠርን ያስተምራል።

ተመራቂው ሥራ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው፤ ብሔራዊ፣ ሀገር ፍቅር፣ ራስ ቴአትር፣ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ። በአማራ ክልል ባሕር ዳር ላይ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ። ቀሪው ወደ ፊልም፣ ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ይሄዳል። ወደ ወረዳ የሚመለሰው ጥቂት ነው፤ እዚያ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና የድራማ ክበብ ያለ አሠልጣኝ ይደክማል። ሞጣ ወይም ቢቸና ላይ መድረክ ለማቆም የሚያስፈልገው ዕቃ ገበያ ላይ ይገኛል። ቀጭን የባሕር ዛፍ አውራጅ በአራት ማዕዘን ተመትቶ፣ አቡጀዴ ተወጥሮበት፣ ሙጫ የተቀላቀለበት ቀለም ሲቀባ የመድረክ ግድግዳ ይሆናል። ከኋላው በሰያፍ እንጨት ተደግፎ እግሩ ላይ ድንጋይ ይጫንበታል፤ ትዕይንቱ ሲለወጥ ሁለት ተማሪዎች አንሥተው ያዞሩታል።